ጡንቻችን ለምን ይንቀጠቀጣል?



ጠንከር ያለ ስፖርት ሠርቶ እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ያልተብረከረከ ወጣት ይኖራል ብለን አንገምትም። ነገሩ ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ መላሹ ነው። በእኛ ግቢ ውስጥ እንኳ ሦስት ዓይነት መልስ አለ። የሰፈራችን ጎረምሶች «ጡንቻ የሚያድገው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ያኔ መጨመር ነው እንጂ ማቆም የለም» ይላሉ። እናታችን «ይሄ በሽታ ነው፤ በሽታ ባይሆን እንኳ ዓይን ነው» ትል ነበር። አጎታችን ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ጉልበት የለውም፤ እኛ ኩንታል ተሸክመን አንንቀጠቀጥም ነበር» ይላሉ። ሦስቱም አባባሎች ከእውነት ትንሽ ትንሽ ይዘዋል፤ ሦስቱም ግን ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲያውም ከእነዚህ አንደኛውን አምነን ብንቀመጥ ኖሮ በቤታችን ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር በኋላ እናነሳዋለን።

እኛ የምንለው በአንድ ግቢ የምንኖር ወንድማማቾችና እህትማማቾች ከአጎታችን ልጆች ጋር ሆነን ነው። ሰፈራችን አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። ገንዘብ ከፍለን የምንገባበት ጂም የለንም፤ ይሁን እንጂ የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተን፣ በሁለቱ ጣሳዎች መካከል የውኃ ቧንቧ ብረት አስገብተን የሠራነው ክብደት አለን። ወንዶቹ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ግቢው ጥግ ላይ እንሰባሰባለን። እህቶቻችን ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልተው ያነሳሉ። (በነገራችን ላይ ከእኛ ይልቅ ሰዓት የሚያከብሩት እነሱ ናቸው።)

ታናሽ ወንድማችን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ስፖርት የጀመረ ሰሞን አንድ ቀን ፑሽ አፑን ጨርሶ ቁርስ ላይ ሲቀመጥ፣ የሻይ ብርጭቆውን ገና ከማንሳቱ እጁ ተንቀጥቅጦ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናታችን ይህን ስታይ ክው አለች። ባደገችበት በወሎ የሚጥል በሽታ የነበረበት የቅርብ ዘመድ ስለነበራት መንቀጥቀጥ ባየች ቁጥር ትዝ የሚላት እሱ ነው። በዚያው ቀን የሲሚንቶ ጣሳዎቹ ከግቢ እንዲወጡ ታዘዘ። ልጁን ግን ከእናቱ ቁጣ ይልቅ የከበደው የጓደኞቹ ሳቅ ነበር። «ገና ከአሁኑ እንደ ሽማግሌ ተንቀጠቀጠ» ብለውት አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም።

እናታችንን ያሳመናት የእኛ ክርክር አይደለም። አንድ ቅዳሜ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ በእጇ አጥባ፣ ጨምቃ፣ አስጥታ ተመለሰች። ቡናው ፈልቶ ስለነበር ልትቀዳ ጀበናውን ስታነሳ እጇ ተንቀጠቀጠና ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እሷ ራሷ እጇን አየች፤ ታናሽ ወንድማችንን አየች፤ ከዚያም «ውይ! ይሄ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ጣሳዎቹ በማግስቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ለመሆኑ «ይሄ» የተባለው ነገር ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሰው ሁሉ ሁልጊዜም የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ በእጁ ጀርባ ላይ ስስ ወረቀት ያኑር፤ የወረቀቱ ጫፍ ሲርገበገብ ያያል። የጤነኛ ሰው የተዘረጋ እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ግን ዓይናችን አያየውም። እንግዲህ ድካም ከየትም ያልነበረ መንቀጥቀጥ አያመጣም፤ የነበረውን ነው አጉልቶ የሚያወጣው።

እንዴት እንደሚያጎላው ለመረዳት የጡንቻን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ጡንቻ አንድ ወጥ ሥጋ ይመስላል እንጂ የብዙ ሺህ ቀጫጭን ክሮች ስብስብ ነው። ክሮቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን ከሕብለ ሰረሰር በሚመጣ አንድ የነርቭ ሕዋስ ይታዘዛል። ዓይንን እንደሚያንቀሳቅሱት ያሉ ረቂቅ ሥራ የሚሠሩ ጡንቻዎች ውስጥ በአንድ ነርቭ የሚታዘዙት ክሮች ጥቂት ሲሆኑ፣ በትላልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ግን እስከ ሺህና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ነርቩ ትእዛዝ ባስተላለፈ ቁጥር የቡድኑ ክሮች በሙሉ በአንድነት ይኮማተራሉ፤ ትእዛዙ ሲቋረጥ ይለቃሉ። ታዲያ እያንዳንዱ ቡድን የሚሠራው እየሳበና እየለቀቀ ከሆነ እጃችን አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳያንገጫግጭ እንዴት ወደ አፋችን ያደርሳል?

ለዚህ ከጀናዛ ሽኝት የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ጀናዛ ሲሸኝ ቃሬዛውን የሚሸከመው ሰው በየጥቂት እርምጃው ይቀያየራል። አንዱ ትከሻውን ሲያወጣ ሌላው ያስገባል። ሸኚው ብዙ የሆነ እንደሆነ ቃሬዛው በሰው ትከሻ ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ እንኳ አይታወቅም። መንገዱ ሲረዝምና ሸኚው ሲሳሳ ግን ያው የደከመው ሰው ተመልሶ ይገባል፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሲቸኩል ቃሬዛው ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። በጡንቻ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በቀላል ሥራ ጊዜ ቡድኖቹ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስቡም። አንዱ ሲለቅ ሌላው ስለሚይዝ ድምሩ ለስላሳ ይሆናል። ሥራው ሲከብድና ሲረዝም የደከሙት ቡድኖች ይዳከማሉ፤ በቀሩት ላይ ትእዛዝ ይበዛባቸዋል፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ በአንድነት መሳብና በአንድነት መልቀቅ ይጀምራሉ። ያኔ የማይታየው መርገብገብ የሚታይ መንቀጥቀጥ ይሆናል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤልውድ ሄነማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች እነዚህ ቡድኖች በዘፈቀደ እንደማይጠሩ አሳይቷል። አስቀድመው ሥራ የሚገቡት ትንንሾቹ፣ ጉልበታቸው አነስተኛ ቢሆንም ድካም የማያውቁት ናቸው። ሸክሙ ሲከብድ ትልልቆቹ ይከተላሉ፤ እነሱ ብርቱዎች ናቸው፤ ነገር ግን ቶሎ ይዝላሉ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት ፑሽ አፖች የምንሠራው በእነዚህ በትልልቆቹ እርዳታ ነው። አንድ ግዙፍ ሰው ቃሬዛ ሥር ሲገባና ሲወጣ እንደሚታወቀው ሁሉ ትልቁ ቡድን በገባና በወጣ ቁጥር ኃይሉ ይዘላል፤ ክንዳችንም ይርዳል።

ሌላም ምክንያት አለ። በጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን እየለኩ ለሕብለ ሰረሰር ወሬ የሚያቀብሉ ጥቃቅን አካላት ተተክለዋል። ጡንቻው ሳናዝዘው ትንሽ ከተለጠጠ «ላላ» የሚል መልእክት ይሄዳል፤ «ሳብ» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል። መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም መዘግየት ነው። ትእዛዙ ሲደርስ ሁኔታው ተለውጦ ይቆያል። መኪና ገና የሚለማመድ ሰው መሪውን ወደ ግራ አብዝቶ ያዞርና ያንን ለማረም ወደ ቀኝ አብዝቶ እንደሚመልሰው ማለት ነው። ጡንቻው ትኩስ ሲሆን ይህ መወዛወዝ አይታወቅም። ሲደክም ግን ይጎላል።

ስለ ድካም ራሱም ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ስፖርት የሚያሠሩ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አባባል ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1907 ፍሌቸርና ሆፕኪንስ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እስኪዝል በሠራ የእንቁራሪት ጡንቻ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ አገኙ። ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ መርዝ ሲታይ ኖረ። ዛሬ ግን ሰውነት ይህንኑ እንደ ነዳጅ እንደሚጠቀምበት፣ ልብ ሳይቀር እንደሚያቃጥለው፣ ሥራ ካቆምን በኋላም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ቦታው እንደሚመለስ ታውቋል። ተመራማሪዎች አሁን ይበልጥ ጣት የሚቀስሩት በሌላ ነገር ላይ ነው። ጡንቻ ኃይል ሲያወጣ ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እሱም ክሮቹ የሚስቡበትን ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመሳብ ምልክት የሚሆናቸውን ካልሲየም ከመጋዘኑ እንዳይወጣ ያውካል። ስለዚህ የነርቩ ትእዛዝ ይደርሳል፤ ክሩ የሚሰጠው መልስ ግን ደካማ ይሆናል።

ድካም በጡንቻ ብቻ አያበቃም። አንጎልም ይደክማል። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ በቱሪን ከተማ፣ አንድ ጣት ክብደት እየሳበ እስኪዝል የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ስለ ድካም በሚያወሳ መጽሐፉ፣ ረጅም ሰዓት ሲያስተምሩና ተማሪ በቃል ሲፈትኑ የዋሉ መምህራን ምንም ዕቃ ሳያነሱ የጣታቸው ጉልበት ቀንሶ መገኘቱን ጽፏል። ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህታችን ይህን ስታነብ «የእኔ ነገር ነው» አለች። በፈተና ሰሞን አሥረኛው ስኳት ላይ ጭኗ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በሌላ ጊዜ ሃያ ትሠራለች።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው የቁልቁለቱን ነገር ይመስለናል። እንጦጦ ወጥተን ስንመለስ እግራችን የሚብረከረከው ዳገቱን ስንወጣ አይደለም፤ ስንወርድ ነው። ዳገት ትንፋሽ ያሳጣል፤ የጭን ጡንቻ ግን እያጠረ ስለሚሠራ ያን ያህል አይጎዳም። በቁልቁለት ግን በየእርምጃው ሰውነታችን እንዳይወድቅ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ይዞ ማቆም አለበት። እየተለጠጡ መያዝ ደግሞ በክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ጉልበቱ ወዲያው ይቀንሳል፤ ሕመሙ በማግስቱ ይመጣል፤ እስከ ሦስተኛው ቀንም ሊብስ ይችላል። አጎታችን ለዑምራ ሄደው ጀበል ኑርን ወጥተው ነበር። «ስወጣ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ስወርድ ግን ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ሆነብኝ፤ በየደረጃው ተቀመጥኩ» ብለው ያጫወቱን ራሳቸው ናቸው። ኩንታል ተሸክመው የማይንቀጠቀጡት አጎታችን ማለታችን ነው!

ለነገሩ አጎታችን ጨርሶ አልተሳሳቱም። የለመደ ሰውነት ቶሎ አይንቀጠቀጥም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አይቷል። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ብርታት እንኳ ገና ጡንቻው ስለገዘፈ አይደለም። በአብዛኛው ነርቮቹ ቡድኖቹን አቀናጅተው ማዘዝ ስለተማሩ ነው። ታናሽ ወንድማችን በሁለተኛው ወር ያንኑ ፑሽ አፕ ሠርቶ ሻዩን ሳያፈስ ጠጣ፤ ክንዱ ግን በዓይን ሲያዩት ያው የድሮው ቀጭን ክንድ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች «ካልተንቀጠቀጠ አያድግም» የሚሉት ትክክል አይደለም። ጡንቻ ሳይንቀጠቀጥም ያድጋል። መንቀጥቀጡ የሚናገረው ያ ጡንቻ ለዚያ ሰዓት ወደ ጉልበቱ ዳርቻ መድረሱን ብቻ ነው። ብረት ደረቱ ላይ ይዞ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ይህ ትልቅ ወሬ ነው፤ ቀጣዩን አነሳለሁ ብሎ ብረቱ አንገቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በእኛ ግቢ ብቻውን ተንጋሎ ብረት የሚያነሳ የለም።

መንቀጥቀጡን የሚያባብሱ ነገሮችም አሉ። ቡና በባዶ ሆድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብርድ፣ ፍርሃት፣ ሁሉም የእጅን መርገብገብ ይጨምራሉ። ጫት ቅሞ ስፖርት የሚሠራ ወጣት አይተናል፤ ቅጠሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ሰውነትን ሳይሠራ የሠራ ያስመስለዋል፤ በላዩ ብረት መጨመር በሁለት አለንጋ መገረፍ ነው። አስም ያለባቸው ሰዎች የሚስቡት ሳልቡታሞልም እጅ ያንቀጠቅጣል። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ስለሆነ ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

የድካም መንቀጥቀጥ ሲያርፉ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። ውኃ መጠጣት፣ መብላት፣ ቀስ ብሎ እየተራመዱ መቀዝቀዝና መተኛት በቂ ነው። ቁጭ ብሎ ባረፈ እጅ ላይ የሚታይ፣ ቀናትን የሚያስቆጥር፣ ወይም ከክብደት መቀነስና ከልብ ምት መፍጠን ጋር የመጣ መንቀጥቀጥ ግን የስፖርት ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አንድ ምልክት በተለይ ለወጣቶች እንንገር። የሰፈራችን አንድ ልጅ በውርርድ፣ ስፖርት በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ሦስት መቶ ስኳት ሠራ። እግሩ እየተብረከረከ በጓደኞቹ ትከሻ ቤቱ ገባ። በሁለተኛው ቀን ጭኑ አብጦ መራመድ አቃተው፤ ሽንቱም እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ። ከልክ በላይ የተጎዳ ጡንቻ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ቀይ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪሞች ይህን ነገር በሚገባ የለዩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ለንደን ላይ በቦምብ በፈረሱ ቤቶች ሥር ተጭነው የቆዩ ሰዎች ኩላሊታቸው ሲቆም አይተው ነው። ፍርስራሽ ያልተጫነው ጎረምሳም በሦስት መቶ ስኳት እዚያው ሊደርስ ይችላል። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ግሉኮስ ተሰጥቶት አልሐምዱሊላህ ዳነ። ሽንት ሲጠቁር ማደር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ አባታችን ጉዳይ እንምጣ።

አባታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከሚወስዷቸው ኪኒኖች አንዱ ግሊቤንክላማይድ ይባላል። የሚሠራው ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ በማስገደድ ነው፤ ሰውዬው ይብላ አይብላ ግን ኪኒኑ አያውቅም። ከረመዳን በፊት ሐኪማቸውን አማክረው፣ ስኳራቸውን በየጊዜው እየለኩ እንዲጾሙ ተነግሯቸው ነበር። ልማዳቸው ሆኖ ከዐስር ሰላት በኋላ በእግራቸው ዞር ዞር ይላሉ፤ በረመዳንም አልተዉትም።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን፣ መግሪብ ሊል ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ከእግር ጉዞ ተመልሰው በር ላይ ቆሙ። ቁልፉን ከቀዳዳው ማገናኘት አቃታቸው። ከፍተን አስገባናቸው። ጉልበታቸው ይብረከረካል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አጎታችን «ድካም ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ነው፤ ቴምር ሲቀምስ ይለቀዋል» አሉ። ቤቱ ሁሉ ማፍጠሪያ እያዘጋጀ ስለነበር አባባሉ ልክ መሰለ። ታናሿ እህታችን ግን አልተቀበለችውም። «አባ የሄዱት በእግራቸው ነው፤ እጃቸው ምን ሠርቶ ይንቀጠቀጣል?» አለች።

ከዚህ ሁሉ ንባባችን ውስጥ ይህችን ጥያቄ የሚያህል አላገኘንም። የድካም መንቀጥቀጥ የሚይዘው የሠራውን ጡንቻ ነው። ፑሽ አፕ የሠራ ክንዱ፣ ቁልቁለት የወረደ ጭኑ፣ ብርድ ልብስ የጨመቀች እጇ ይንቀጠቀጣል። ስኳር ሲያንስ ግን ሰውነት አድሬናሊን ያፈሳል፤ አድሬናሊን የሠራውንና ያልሠራውን አይለይም። እህታችን መዳፋቸውን ስትይዝ ደግሞ ቀዝቃዛ ላብ ነበረው፤ የተራመደ ሰው ላብ ሙቅ ነው። አባታችን «አዛን አለ?» ብለው ጠየቁ፤ «ገና ነው» አልናቸው፤ ወዲያው መልሰው «አዛን አለ?» አሉ። መለኪያው መጣ። 52 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ማነሱ ነው፤ ከ54 በታች ደግሞ ለአንጎል አስጊ ነው።

ስኳር በውኃ በጥብጠን ብናቀርብላቸው አባታችን አፋቸውን ዘጉ። «ሃያ ደቂቃ ለቀረው ጾሜን አላፈርስም» አሉ። ቁጥሩን ነገርናቸው፤ አልሰሙንም። አጎታችን ዝም አሉ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ እንደሚችል እናውቅ ነበር፤ አባትን አስገድዶ ማጠጣት ግን እንዴት ይቻላል? ከማዕድ ቤት የወጣችው እናታችን ናት። ብርጭቆውን ከእጃችን ተቀብላ አጠገባቸው ተቀመጠችና «ለበሽተኛ ፈቃዱን የሰጠው የጾሙ ባለቤት ነው፤ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትመልሰው?» አለቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያም ቢስሚላህ ብለው ጠጡ።

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነበር። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ስንለካ 81 ደረሰ፤ እጃቸውም ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አዛን ተባለ። አባታችን ያን ምሽት ብዙም አልተናገሩም፤ አንዲቷን ቀን ግን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ከበው ቀዷ እንደሚያወጡ ምልክት አደረጉባት።

በማግስቱ የሄድንባቸው ሐኪም ብዙ ነገር አስረዱን። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳር ከደም እንደሚስብ፣ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት መሳቡን እንደሚቀጥል፣ በጤነኛ ሰው ጉበት ያንን እንደሚተካ፣ ኪኒኑ ኢንሱሊን ሲያበዛ ግን ጉበት እንደሚታፈን ነገሩን። በተጨማሪም ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች መንቀጥቀጡን ሊደብቁት ስለሚችሉ እነዚህን ለሚወስድ ሰው የሚቀረው ዋና ምልክት ቀዝቃዛው ላብ እንደሆነ አሳሰቡን። በመጨረሻም ኪኒኑን በሌላ ቀየሩላቸው። በጾም ሰዓት ስኳራቸው ከ70 ከወረደ ሰዓቱ ስንትም ይሁን ስንት እንዲያፈጥሩ አዘዙ።

አሁን አባታችን በረመዳን ከዐስር በኋላ አይራመዱም። ተራዊሕ ራሱ ከእንቅስቃሴ እንደሚቆጠር ስለተነገራቸው መስጊድ ደርሰው መመለሳቸው ይበቃቸዋል። ከኮታቸው ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አይጠፋም። ላብ እያረጠበ ስለሚያሟሟው በየጁሙዓው የምትቀይረው እናታችን ናት።